ኪስ የሌለው ድምፅ

እኛ ሰፈር መብራት አይቋረጥም፤ «ይሄዳል»። እንደ ኩርፈኛ እንግዳ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ሲመጣ ደግሞ ልጆች በእልልታ ይቀበሉታል። ግን የት ነው የሚሄደው? ልጅ ሳለሁ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ፋብሪካ አለ፤ ደግሞም ይሞቃል። የደሴን ብርድ ሸሽቶ ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? እናንተም እንዲህ አስባችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ጮክ ብዬ መጠየቅ ስለምፈራ ነው የምጽፈው።

አባቴ ግን ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ስለሆነ በቃል አይቀልድም። ለእሱ «ሄደ» እና «ጠፋ» ለየቅል ናቸው። የሄደ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። የጠፋ ግን ያጠፋው ሰው አለ። ያ ሰው ለብዙ ዓመታት ኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ የሠሩት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። መስመሩን አጥፍተው፣ ማንም እንዳያበራው ይቆልፉና ቁልፉን ኪሳቸው ይከቱታል። አባቴ ምሰሶው ሥር ቆሞ ሲደውልላቸው፣ «ጠፍቷል። ቁልፉ ኪሴ ነው፤ አብሽር» ይሉታል። ይቺን ሳይሰማ አይወጣም። እኔም ያደግሁት በጋሽ ሰይድ ኪስ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ የመብራት ሥራ ለግል ድርጅቶች ተከፋፈለ። አንዱ ያመነጫል፣ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ምሰሶ ይጠግናል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ቁልፍ ግን ሎሚ አይደለም። ጋሽ ሰይድ ተሰናበቱ፤ በምትካቸው መሣሪያ ገባ ተባለ። አባቴም በየጊዜው የሚታደስ ኮንትራት ፈረመ። ምሰሶ አልወጣም ላለ ግን የሚታደስ ነገር የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ደጃችን ያለው ምሰሶ ላይ ሽቦ ላላ። አባቴና አዲሱ ፎርማን ሊጠግኑ መጡ። ጉሙ ምሰሶውን ከወገቡ በላይ ውጦታል። ጋሽ ሰይድ የታመመችውን እናቴን ሊጠይቁ ከኮምቦልቻ መጥተው፣ በረንዳችን ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አባቴ ቀበቶውን ታጥቆ ወደ ጣቢያው ደወለ። ስልኩ ጮክ ብሎ መለሰ፦

«ጠፍቷል። ቁልፉ ኪሴ ነው፤ አብሽር።»

የጋሽ ሰይድ ድምፅ ነው። መጨረሻ ላይ ያቺ የለመድናት ሳላቸው እንኳ አልቀረችም። ጋሽ ሰይድ ግን የተጎነጩትን ሻይ ገና አልዋጡትም ነበር።

የሞተ ሰው ድምፅ ይሰማል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ሰውየው በሕይወት ቁጭ ብሎ፣ ድምፁ ያለ እሱ ሥራ ሲውል ግን ያን ቀን አየሁ።

«የተቀዳ ነው» አለ ፎርማኑ። «ሠራተኛው የለመደው ድምፅ ይሻላል ተብሎ ነው። ይውጡ እንጂ ጋሼ!»

አባቴ ወደ በረንዳው ዞረ። «ሰይዶ፣ ጠፍቷል እንዴ?»

ጋሽ ሰይድ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን አወጡ። «ወላሂ ታዴ፣ ኪሴ ያለችው ይቺ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው አልወጣም።»

«ድምፅም መፍራት ጀመሩ?» ሳቀ ፎርማኑ። «ኮንትራቱን ቢያስቡበት ይሻላል። ሌላ የሚወጣ ሰው አይጠፋም።»

«ይምጣ። እሱም ግን ይጠይቅ።»

ያኔ ጉሙ ውስጥ ሽቦው እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። ከጋሽ ሰይድ ራስ በላይ ያለው አምፖል ማንም ሳይነካው ቀላ፤ እንደ ታመመ ዓይን ከፈት ብሎ ተከደነ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «ቁልፉ ኪሴ ነው፤ አብሽር» ይላል አሁንም።

ፎርማኑ ምሰሶውን የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ የአባቴ ጓደኞችም ኪስ ያለው ሰው ካልመለሰልን አንወጣም ብለዋል። የአባቴ ኮንትራት ይታደስ አይታደስ እስካሁን አልታወቀም። ድርጅቱ ግን ጋሽ ሰይድን አስጠራቸው። «ሊመልሷቸው ነው!» ብላ እናቴ ደስ አላት። ለካ አዲስ ቃል በድምፃቸው እንዲያስቀዱ ኖሯል፦ «እባክዎ ይጠብቁ፤ ሰው እየመጣ ነው።»

«ማነው የሚመጣው?» ቢሉ፣ ገና አልተቀጠረም አሏቸው።

«ለሌለ ሰው ዋስ አልሆንም» ብለው ትተው ወጡ።

ትናንት እራት ላይ መብራት ሄደ። እናቴ ሻማ እየለኮሰች፣ እኔ ስፈራው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቀችልኝ፤ «ቆይ፣ የት ነው ግን የሚሄደው?»

አባቴ ቀና አላለም።

«ሰው ሊፈልግ» አለ።