በታከለ ስንዝር ዝቅ ያለችው ተሳቢ

ታላላቅ መንግሥታት ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ ሠርተው ያልፋሉ። ባሕር ያሻገሩ አሉ፤ ተራራ የበሱ አሉ። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም ቡሬ ላይ ተቀምጦ የነበረው የጣሊያን መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዲት ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ዝቅ አድርጓል። ይህን ሥራ የሚያቃልል ካለ፣ ስብሰባ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ተሳቢዋ በካሚዮን ኋላ እየተጎተተች ዱቄትና ሽቦ ታመላልስ ነበር። በገበያ ቀን ግን ትፈታና መሀል ገበያ ትቆማለች፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ ጣሊያናዊው ክቡር ሹም፣ ላይዋ ወጥተው ስለ ሥልጣኔ ይናገሩባታል። ችግሩ፣ ክቡርነታቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ክብር እንጂ ቁመት አልተረፋቸውም። ሁለት ወታደር ብብታቸውን ይዞ ነበር የሚያወጣቸው። ባለፈው ገበያ አንደኛው ቀድሞ አነሣ፣ ሁለተኛው ዘገየ፣ ክቡርነታቸውም ስለ ሥልጣኔ ሊናገሩ በጎናቸው ደረሱ። ገበያው ሳቀ። አህዮቹ ሳይቀሩ አናፉ ይባላል፤ ይህቺኛዋ ወሬ እንኳ ተጨምራ ይሆናል።

ሦስት ቀን ስብሰባ ተደረገ። በአራተኛው ቀን አስተርጓሚው ክንፈሚካኤል ብረት ሠሪውን ሙጬን አስጠርቶ ውሳኔውን አነበበለት።

«የመናገሪያው ከፍታ ከተናጋሪው ቁመት ጋር ያልተመጣጠነ ሆኖ ስለተገኘ፤ የተናጋሪውን ቁመት ለመጨመር የሚያስችል ሁኔታ በአሁኑ ጊዜ ስለሌለ፤ ተሳቢዋ ሃያ ሳንቲሜትር ዝቅ እንድትል ታዟል።»

ሙጬ የዚያው አገር ገበሬ ነው። መንገድ ሲያስቆፍሩት ቡሎን መፍታትና ማሰር ለመደና ከዶማ ወደ መፍቻ ተዛወረ። ያን ቀን ግን ልቡ ቡሎን ላይ አልነበረም። የእህቱ የካሰች ባል ታከለ፣ ለሽፍታ ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ እዚያው ግቢ ታስሯል። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። ሰኞ ደብረ ማርቆስ ችሎት ሊወስዱት ነው፤ ከዚያ ችሎት ደግሞ በእግሩ የተመለሰ የቡሬ ሰው እስካሁን አልታየም። ካሰች ጠዋት ጠዋት ምግብ ይዛ ስትመጣ፣ «አያ ሙጬ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ነገር አድርግ» ትለዋለች። ምን ያድርግ? መፍቻ እንጂ ሥልጣን የለው።

«ጌታው» አለ ክንፈሚካኤልን፣ «ዝቅ ማለቱንስ ትላለች። አሁን የጎማዎቹ ዘንግ ከባሌስትራው፣ ከዚህ ሳጥኑን ከሚያነጥረው ተደራራቢ ብረት፣ በታች ነው ያለ። ፈትቼ ከባሌስትራው በላይ ባስረው ሳጥኑ ቁጭ ይላል። ግን ሆዷ መሬት ይቀርባል። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን የማንኩሳን መንገድ አንቱም ያውቁታል፤ ካሚዮን ግራና ቀኙን ቦይ አድርጎት መሀሉ ጉብ ብሎ ቆሟል።»

«ሐሳብ ተጠየቅህ?»

«ኧረ አልተጠየቅሁም።»

«እንግዲያ ‹ስለ መንገዱ ሐሳብ ሰጠ፤ ግን አልተጠየቀም› ብዬ እመዘግባለሁ።» መዘገበም። ክንፈሚካኤል ሳል እንኳ ቢሰማ የሚመዘግብ ትጉህ ሰው ነበር።

«ሃያ ሳንቲሜትር ስንት ነው፣ ጌታው?»

«አንድ ስንዝር ነው።»

«በማን ስንዝር?»

ክንፈሚካኤል ሜትር ፈለገ። የመሥሪያ ቤቱ ሜትር ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር ሄዶ እዚያው ቀርቷል። የራሱን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ወታደር ጠርቶ አዘረጋ፤ የወታደሩ በአንድ ጣት በለጠ። ክቡር ሹሙ ራሳቸው መጥተው ዘረጉ፤ ስለ እሳቸው ስንዝር መዝገቡ ዝም ብሏል። ሦስት እጅ፣ ሦስት ስንዝር! ይህ ሮም ቢሰማ ምን ይባላል?

«በኛ አገር» አለ ሙጬ አንገቱን ደፍቶ፣ «አቡጀዲ የሚገዛ ሰው እጀ ረጅም ዘመዱን አስለክቶ ነው የሚገዛ። ነጋዴው ያጉረመርማል፣ ግን ልማድ ነውና ይቀበላል። የቡሬ ገበያ የሚያምነው ደግሞ የታከለን እጅ ነው። ሠርግ ያለበት ሁሉ እሱን ለምኖ ነው ገበያ የሚወጣ።»

«የት ነው ያለ?»

«እናንተው ዘንድ ነው። ታስሯል።»

የሙጬን ልብ ያየ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እኔ የማውቀውን ልናገር። ሌላ ተንኮል አላሰበም። ለአንድ አፍታ ፀሐይ ቢሞቅ፣ ካሰችም በዓይኗ ብታየው ብሎ ነው።

ስለዚህ እስረኛው በሁለት ጠመንጃ ታጅቦ ወጣ። ካሰች ከአጥሩ ውጭ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ታከለ ቀኝ እጁን ተሳቢዋ ላይ ሲዘረጋ ጣቶቹ ተንጣጡ። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ተራራቁ።

«አይበዛም?» አለ ሙጬ በሹክሹክታ።

«ለመንግሥት ሲለካ አይሰሰትም፣ አያ ሙጬ።»

ክንፈሚካኤልም ጻፈ፦ «ስንዝር ማለት የእስረኛ ታከለ ቀኝ እጅ ሲሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ መለኪያ ሆኖ ጸድቋል።» ማኅተም ተመታበት። መለኪያውም ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ።

ሙጬ ሥራውን ጀመረ። ጎማዎቹን አወለቀ፣ ዘንጉን ፈትቶ ከባሌስትራው በላይ አሰረው። ሳጥኑ ወረደ፤ ግን የታከለ ስንዝር ገና አልሞላም። የባሌስትራውን መቀመጫ ብረቶች ቆርጦ አሳጠረና እንደገና አሰረ። አሁን ሞላ። የቡሎኖቹ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ በተሳቢዋና በመሬት መካከል ዶሮ እንኳ አንገቷን ሰብራ የምታልፍበት ክፍተት ቀረ።

በገበያው ቀን ክቡርነታቸው ያለማንም እርዳታ በአንድ እርምጃ ላይዋ ወጡ። ጭብጨባ ታዘዘ፤ ተጨበጨበ። ንግግሩም ተጀመረ። ከኋላ የቆመው ሕዝብ ግን ድምፅ ሰማ እንጂ ሰው አላየም።

«ማናቸው እሚናገሩ?» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ።

«ተሳቢዋ ናት» አላት ጎረቤቷ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ሆነ። ክቡር ሹሙ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ተሳቢዋ ላይ የክቡርነታቸው የብረት አልጋ፣ እጃቸው የታሰረ አራት እስረኞች፣ እንዲሁም ቡሎን ቢላላ እንዲያጠብቅ የታዘዘው ሙጬ ተጫኑ። ወታደሮቹና ክንፈሚካኤል ካሚዮኑ ላይ ናቸው። ሙጬ የታከለን ፊት ማየት አቅቶት መፍቻውን ሲያገላብጥ ሄደ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት ከተማ ሳይደርሱ፣ ማንኩሳ ጭቃ ላይ፣ የካሚዮኑ ጎማዎች ቦዩን ይዘው አለፉ። ተሳቢዋ ግን መሀል ጉብታው ላይ በሆዷ ተኛች። ጎማዎቿ አየር ላይ ቀሩ። ካሚዮኑ አጓራ፣ ጭስ ተፋ፤ እሷ ወይ ፍንክች!

«ሸክሙ ይቅለል!» አሉ ክቡርነታቸው። በመጀመሪያ አልጋው፣ እንዳይቧጠጥ በጥንቃቄ ወረደ። ቀጥሎ እስረኞቹ እንደነገሩ ወረዱ።

«ይግፉ!»

እስረኞቹ በትከሻቸው ተደገፉ፤ ምንም የለም።

«ጌታው፣» አለ ታከለ ለክንፈሚካኤል፣ «እጅ ታስሮ እንዴት ይገፋል? እሺ ብለናል እኮ፣ ግን በምናችን?»

ክንፈሚካኤል ተረጎመ። ክቡርነታቸው አሰቡበት። እጅ ያለ ጽሑፍ አይፈታምና ወረቀት ከየት ይምጣ ሲባል፣ ክንፈሚካኤል ጉልበቱ ላይ ጻፈው፦ «ለግፊያ ብቻ እንዲፈቱ ተፈቅዷል።» ተፈረመ፤ ተፈቱ። እስረኞቹ ከወታደሮቹ ጋር ተደባልቀው ኋላዋን ያዙ።

«አንድ! ሁለት! ሦስት!»

ተሳቢዋ ሳይታሰብ ተፈናጥራ ወጣች። የሚገፋት ሲያጡ ወታደሮቹ በሙሉ በግንባራቸው ጭቃው ላይ ተደፉ። ታከለና ሦስቱ እስረኞች ግን «ሦስት» ከመባሉ በፊት እጃቸውን አንሥተው ነበርና አልወደቁም። የመንገዱ ዳር በቆሎ ደግሞ በዚያ ወር ከሰው ራስ በላይ ነው። ወታደሮቹ ዓይናቸውን ጠርገው ሲተኩሱ ያለቀው በቆሎ ብቻ ነበር። ሙጬ መፍቻውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ደስታው ጮኾ እንዳያጋልጠው ከንፈሩን እስኪደማ ነከሰ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሙጬን «ሐሳብ ሰጠ፤ ግን አልተጠየቀም» የሚለው መዝገብ ነጻ አወጣው። ሐሳቡን ያልጠየቀው ማን እንደሆነ ግን ኮሚቴው አልጠየቀም። ውሳኔው አጭር ነበር፦ ተሳቢዋ ወደ ቀድሞ ከፍታዋ አንድ ስንዝር ትመለስ።

«በማን ስንዝር?» አለ ሙጬ።

መዝገቡ ተገለጠ። ማኅተም ያለበት ስንዝር አንድ ብቻ ነው። ማኅተሙን መሻር ደግሞ መንግሥት ተሳስቷል ማለት ነውና የማይሞከር ሆነ። ኮሚቴው ሦስት ቀን ተቀምጦ ሌላ መንገድ ስላጣ፣ ሊሰቅለው የነበረውን ሰው ማረው።

በሚቀጥለው ገበያ አዋጅ ነጋሪው ገደፋው ነጋሪቱን ጎሰመ።

«ስማ! ስማ! ታከለ፣ ያለህበት ሆነህ ስማ! ምሕረት ተደርጎልሃል! መጥተህ ተሳቢዋን ለክተህ በሰላም ተመለስ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ካሰች ከሰው መሀል ወጣች። ከወሩ መባቻ ጀምሮ ያላየናት ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር።

«አንተ ገደፋው፣ የሚለካ በየትኛው እጁ ነው?»

«በቀኙ ነዋ! መዝገቡ ቀኝ ነው የሚል።»

«እንግዲያ ጥቂት ይታገሡ በላቸው። ቀኙ ጠመንጃ ይዟል።»

ገደፋው የተነገረውን መድገም እንጀራው ነው። ነጋሪቱን እንደገና ጎሰመና በዚያ ባማረ ድምፁ ለገበያው ሁሉ አሰማ፦

«ስማ! ጥቂት ታገሡ! ቀኙ ጠመንጃ ይዟል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»