በምትኬ የተቀመጠው አጎቴ

ባዶ ወንበርን የሚያምን ሰው እኛ አገር ገና አልተፈጠረም! እስቲ እውነቱን ንገሩኝ… ድግስ ቤት ተቀምጣችሁ ለውሃ ሽንት ስትነሱ ወንበራችሁን እንዲያው በእግዜር ጥበቃ ትታችሁት ትወጣላችሁ? አትወጡም። ነጠላ ጣል፣ ባርኔጣ ጣል፤ ምንም ከጠፋ ሚስትን ጎተት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የድጓ መማሪያዋ የጋይንቷ ቤተ ልሔም እንኳ፣ ያ ሁሉ ሊቅ በተሰበሰበበት ደብር፣ መቋሚያውን ቦታው ላይ ሳያጋድም ወደ ውጭ ብቅ የሚል ደብተራ አላየሁም። እኔ በተወለድኩበት በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ፣ የመሸጫ ቦታ የሚያዘው በድንጋይ ነው። ሐሙስ ማታ ድንጋይህን ታስቀምጣለህ፤ ዓርብ ጠዋት ድንጋይህ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ታገኘዋለህ። ስለዚህ ብልህ ሰው ድንጋይ ብቻ አይልክም፤ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ሰውም አብሮ ይልካል።

እንግዲህ እኔ የዩኒቨርሲቲ ቦታዬን ለአንድ ዓመት ላቆይ ያልኩት በዚህ ሕዝብ መሀል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር ዘመድ ቤት ተጠግቼ ተማርኩና ዐሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ፈተናውንም አለፍኩ፤ አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲም ተቀበለኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ መሬት አልበቃችውም። ከእስቴ ዘመድ ጠራ፣ ከስማዳ ወዳጅ ጠራ፣ ወገዳ ገበያ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው ሁሉ ጠራ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ የእኔ አባት ግን ደግሶ ተጣላ… ከገዛ እግሩ ጋር!

ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ዱላውን ነጥቆ መደቡ ላይ ወጣ። "ዘራፍ! ዘራፍ የታከለ አባት!" (ታከለ እኔ ነኝ፤ እግረ መንገዳችንን እንተዋወቅ።) "ዘራፍ! ፈተና ጣይ! ደብተር ገዳይ!" እያለ ዘለለ። መዝለሉስ ጥሩ ነበር፤ የከፋው ማረፉ ነው። ያረፈው የጠላው ጋን ላይ ነው። ጋኑም ተሰበረ፣ እግሩም ተሰበረ። ታምኑኛላችሁ? ለጋኑ የተጮኸውን ያህል ለእግሩ አልተጮኸም! "ወይኔ እግሬ!" የሚለውን የሰማነው ጠላው ፈስሶ ካለቀ በኋላ ነው።

ወጌሻው መጥቶ እግሩን በቀርከሃ ጠፍንጎ አሰረና "ፋሲካ ድረስ ሞፈር እንዳትነካ" ብሎ ፈረደ። ገብሱ ሊደርስ ነው፤ ስንዴውና ባቄላው ይከተላሉ፤ እህቶቼ ገና ልጆች ናቸው። ታዲያ ማን ይጨድ? ማን ይውቃ? ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። አባቴ ስለታመመብኝ ቦታዬ ለከርሞ ይቆይልኝ አልኩ። (ጋን ላይ ወድቆ መሆኑን አልጻፍኩም፤ የቤት ገመና ነው።) ብዙም ሳይቆይ "ይቆይልሃል" የሚል መልስ መጣ። እኔ እፎይ አልኩ። አባቴ ግን አላለም።

"ምን አሉህ?" አለኝ ከተኛበት።

"ቦታህን እናቆይልሃለን አሉኝ፣ አባዬ።"

"ማነው የሚያቆይልህ?"

"ዩኒቨርሲቲው ነዋ።"

"እኮ ሰውዬው ማነው? የማን ልጅ ነው?"

"ሰው አይዶለም፤ ቢሮ ነው።"

"ቢሮ!" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አለ ያገሬ ሰው! ለመሆኑ ወንበሩ ላይ ምን አስቀመጥህ?"

"ምንም።"

"ድንጋይ እንኳ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። እግሩን ረሳው፤ የሚያመው የእኔ ወንበር ሆነ። ልጄን በገዛ ዘራፌ ከትምህርቱ አስቀረሁት እያለ ሲብሰለሰል ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እኔም ብሆን ፊቱ እስቃለሁ እንጂ፣ ማሳው መሀል ማጭዴን ይዤ "ቢረሱኝስ?" እያልኩ ተገትሬ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ያቺ ቦታ ከሄደች ዳግመኛ እንደማትመጣ ይሰማኝ ነበር።

ገበያ ስወጣማ ጉድ ነው። ድግሴን የበላ ሁሉ ያፈጥብኛል።

"እንዴ ታከለ! አልሄድህም እንዴ?"

"ለከርሞ ነው።"

"ምነው? ወድቀህ ነው?"

"የወደቀውስ አባቴ ነው!"

"አይዞህ፣ መውደቅ ያለ ነው…" ይሉና ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርጉኛል። ለስንቅህ ብለው በሶና ዳቦ ቆሎ የሰጡኝ ሴቶች ደግሞ አፍ አውጥተው መልስ አይሉኝም እንጂ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ያርፋል። እውነትም እዚያው ነበር።

በዚሁ ሰሞን የእናቴ ወንድም አያ ጓዴ "ለመሬት ይግባኝ አዲስ አበባ ልሄድ ነው" ብሎ ተነሳ። ማንም አልተጠራጠረም። ጋይንት ውስጥ የመሬት ክርክር የሌለበት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱንም ቢሆን በእናቱ ሆድ ሳለ ወንድሞቹ ከስሰውት ይሆናል። አያ ጓዴ ሲሰናበተኝ "እርሻዬን አደራ" አለኝ። አደራ ከተባለ ምን ይባላል? ያባቴን አጭጄ የአያ ጓዴን አጨድኩ፤ ያባቴን ወቅቼ የአያ ጓዴን ወቃሁ። በልጉ ሲመጣ ደግሞ እርሻው ተከተለ። የአያ ጓዴ ሚስት እትዬ የሽመቤት ማሳው ዳር ትቆማለች። በሌላ ሰው እጅ ሲታረስ የምትረካ ሴት አይደለችም።

"እዚያች ጋ ዘለልሃት" ትለኛለች።

"የቷ ጋ፣ እትዬ?"

"እዚያች ድንጋይዋ ሥር። ጓዴ ቢሆን አይዘላትም።"

"አያ ጓዴሳ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ክርክሩ ረዘመ" ትልና ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። የምታዝን መስሎኝ እኔም አብሬ አዝን ነበር። ለካስ ስትስቅ ኖሯል!

ፋሲካ መጣ፤ ያባቴ እግር ዳነ፤ አያ ጓዴ ግን አልመጣም። ክረምቱ ገባ፤ አልመጣም። መስከረም ሲጠባ የእኔ መሄጃ ደረሰ። አባቴ "ትንሽ ነገር እንኳ ልደግስ" ሲል እናቴ ጋኑን ጎረቤት ወስዳ ደበቀችና "ዝም ብሎ ይሂድ!" አለች። ደብረ ታቦር ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ቦታዬን ለሌላ ሰጥተውት ቢሆንስ? ባዶ እጄን ብመለስ አባቴ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይቅር እንደማይል አውቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስደርስ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ በዱላው መንገዱን ጋረደብኝ።

"ቁም! ወዴት ነው?"

"ተማሪ ነኝ።"

"የማን ልጅ?"

ይህቺን ጥያቄ የት ነው የማውቃት? ቀና ብዬ ከቆቡ ሥር አየሁ…

"አያ ጓዴ!"

"ታከለ! መጣህ? እሰይ! ወገቤ አለቀልህ እኮ!" ብሎ አገላብጦ ሳመኝ።

"ክርክሩሳ?"

"የምን ክርክር? ቦታህን ይዤ ነው እንጂ!"

አሁን ወንፈልን የማያውቅ የከተማ ሰው ካለ ልንገረው። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ፣ ነገ አንተ የእኔን ማሳ ነው። ተራው ደርሶ ያመመው ሰው "አሞኛል" ብሎ አይቀርም፤ ምትክ ይልካል። ልጁን፣ ወንድሙን፣ አማቹን… ብቻ በእሱ ፋንታ የሚጎነበስ አንድ ወገብ። ምትክ ያልላከ ሰው ከወንፈሉ ወጣ ማለት ነው። አባቴም በተኛበት ይህንኑ ሲያሰላስል ከርሞ "ታከለ ካልሄደ ምትኩ ይሂድ" ብሎ ወሰነ፤ አያ ጓዴም ዱላውን አነሳ። ለእኔ ያልነገሩኝ "ዘመናዊ ነው፣ ያፍርብናል" ብለው ነው። ደግሞ አልተሳሳቱም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

አያ ጓዴ እንዳጫወተኝ፣ ትምህርት የተጀመረ ቀን ተማሪው ሲገባ አብሮ ገባ። ከትልቁ አዳራሽ የፊተኛውን ወንበር መረጠ፤ "ለታከለ ከኋላ አልይዝለትም" ብሎ። ጋቢውን አደላደለ፤ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ፈረንጁ መምህር ገብቶ በእንግሊዝኛ ይናገር ጀመር። አያ ጓዴ ዕድሜውን ሙሉ ግዕዝ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ስለሆነ ያልገባውን ነገር በክብር ማዳመጥ ያውቅበታል። አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ፈረንጁ ደስ ብሎት ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ያስተምር ገባ፤ እንደሱ ከልቡ የሚያዳምጠው ተማሪ አላገኘም ኖሯል!

"ኋላ አንድ ጎረምሳ መጣና 'አባቴ፣ ይህ የተማሪ ወንበር ነው' አይለኝም?"

"ምን አልኸው?"

"'አውቃለሁ፤ የታከለ ነው፤ አንተ ሌላ ፈልግ' አልሁት።"

ነገሩ ከመዝጋቢው ቢሮ ደረሰ። ሹሙ "ቦታው ወረቀት ላይ ተይዟል፤ አይጠፋም፤ ይሂዱ" ብለው ቢያስረዱት ቢያስረዱት፣ "እንግዲያስ ወረቀቷን እጠብቃለሁ" ብሎ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለ። ጠዋት ሲገቡ አለ፤ ማታ ሲወጡ አለ። ሰላምታው "የታከለ ቦታ ደህና አደረች?" ነው። ሰውዬው ቢጨንቃቸው "መጠበቅዎ ካልቀረ ደመወዝ እየበሉ ይጠብቁ" ብለው ካፖርት አልብሰው በሩ ላይ አቆሙት።

አያ ጓዴን አስከትዬ እዚያው ቢሮ ገባሁ። "ታከለ ፈንቴ እባላለሁ" ስል ሁሉም ዞሮ አየኝ። ታይፕ የምትመታው ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ከጓዳው ሌሎች ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ።

"አንተ ነህ?!" አሉ ሹሙ ከወንበራቸው ተነስተው። "አንተን ለማየት ያልጓጓ የዚህ ቢሮ ሰው የለም! ልጄ፣ ቦታህ አለች። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ አጎትህ ባይመጡም ትኖር ነበር።"

የዓመቱ ፍርሃቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝና እዚያው ሰው ፊት ዕንባዬ መጣ። አያ ጓዴ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ "ተዋቸው፣ እንዲህ ይላሉ እንጂ!" አለኝ።

"በል እንግዲህ አሁን አገርህ ትገባለህ" አልኩት ስንወጣ።

"የት አባቴ ነው የምገባ? እስክትጨርስ ነው እንጂ! ወንበር የሚነጠቅ ኋላ ነው፤ ባለቤቱ ተዘናግቶ ሲነሳ።"

ቀረላችሁ! ያን ሁሉ ዓመት ከዚያች በር አልተነቃነቀም። በየጠዋቱ "መታወቂያ!" ይለኛል። "አያ ጓዴ፣ እኔ እኮ ታከለ ነኝ!" ስለው፣ "ታከለ ነኝ የሚል ብዙ ነው" ብሎ ካላየ አያሳልፈኝም። አንዳንዴ ክፍለ ጊዜ ዘልዬ ሲኒማ ልሄድ ሾለክ ስል በዱላው ይመልሰኛል። "ወንበሯን ለማን ትተህ ነው?" ይለኛል። በዚህ ምክንያት ከትምህርት ክፍል አንድም ቀን ሳልቀር ተመረቅሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔስ እስረኛ ነበርኩ።

የምረቃው ዕለት ጥቁሩን ካባ ለብሼ ወደ በሩ ስመጣ አያ ጓዴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ጨረስህ?"

"ጨረስሁ፣ አያ ጓዴ።"

"እንግዲህ ቦታዋን ልልቀቃት?"

"ልቀቃት" አልኩት። ካፖርቱን አወለቀ፤ አጣጥፎ ለባልደረባው ሰጠው፤ የዚያን ዓመቱን ጋቢውን ለበሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም። ላቅፈው እጄን ስዘረጋ፣

"ወንፈሉን ሐምሌ ላይ እንጀምራለን" አለኝ።

"የምን ወንፈል?"

"እኔ በምትክህ የተቀመጥሁትን ነዋ! በተራህ ታርስልኛለህ።"

"አርሼልህ የለም እንዴ? ያን ዓመት ሙሉ!"

"ያማ አደራ ነው። አደራ ወንፈል ውስጥ አይገባም።"

ይግባኝ ልልበት አሰብኩ፤ ግን ለማን? ጋይንቴን በክርክር የረታ ሰው አለ እንዴ? ብድር በምድር ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ክራባት አስራለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ለዓመት ፈቃዳቸው ሶደሬ ወርደው ፍል ውሃ ውስጥ ይንቦራጨቃሉ። እኔ ሐምሌ በገባ ቁጥር አርብ ገበያ ወርጄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ከአያ ጓዴ በሬዎች ኋላ ጭቃ ሳቦካ እከርማለሁ። አባቴ አነከስ አነከስ እያለ ምሳዬን ያመጣልኛል፤ ደስታው ከፊቱ ያስታውቃል። አያ ጓዴ ዛፍ ሥር ጋደም ይላል። እትዬ የሽመቤት እንደተለመደው ዳር ቆማ "እዚያች ጋ ዘለልሃት" ትለኛለች።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

"አቶ ታከለ፣ ዘንድሮ ሥራ በዝቶብናል። ፈቃድዎን ለከርሞ ቢያቆዩትስ? ይጠፋል ብለው አይሥጉ፤ ይቆይልዎታል።"

ይቆይልዎታል!

"በደስታ፣ ጌታዬ" አልኳቸው። "ብቻ ሐምሌ ላይ ምትክ መላኬ አይቀርምና አንድ ነገር ልጠይቅዎ… እርፍ መያዝ ይችላሉ?"