ጋሼ ሀብተ ወልድና ሁለተኛው ምስክር

በየሰፈሩ ምንም የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ቅቤ ሲያሸት ሙዝ ሙዝ ይለዋል፣ በርበሬ ሲያሳዩት የተፈጨ ሸክላ ይታየዋል፤ ሠርግ ቤት ጠጁን ቀምሶ «ስኳር ነው» የሚለውም እሱ ነው። መርካቶን በመሰለ፣ ሁሉ ነገር በሚሸጥበትና ሁሉ ነገር በሚመሳሰልበት ቦታ፣ እንዲህ ላለው ሰው መንግሥት ደመወዝ ሊቆርጥለት ይገባ ነበር።

ለእኛ ለተክለ ሃይማኖት ሰዎች የደረሱን ሊቀ ጠርጣሪ ክቡር ጋሼ ሀብተ ወልድ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት የመድኃኒት መመርመሪያ ቤት ሠርተው፣ ኢሕአዴግ በገባ በሦስተኛው ዓመት ጡረታ ወጡ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ንግዱ ነፃ ወጣ። ክኒን በጆንያ፣ በሻንጣ፣ በካልሲ ሳይቀር ይገባ ጀመር። ጋሼ ይህን እየሰሙ ቤት መቀመጥ አልቻሉም። ምን አለሽ ተራ፣ ባዶ ጠርሙስ ከሚሸጡት ከእትዬ የሺ ሱቅ ጓሮ አንዲት ጠረጴዛ ዘረጉና ነጭ ጋዋናቸውን ለበሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ያላስመረመረውን ክኒን መዋጥ ተወ። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አይቀበሉም።

ዋናው ምርመራቸው ክኒንን ዳገት ማስወጣት ነበር። ነጭ ዱቄት በስሱ የተለሰነባት የመስታወት ቁራጭ ያነሳሉ። ከታች ጠርዟ አጠገብ ከተጠረጠረው ክኒን አንድ ነጥብ፣ ጎኑ ደግሞ እውነተኛነቱ ከታወቀ ክኒን አንድ ነጥብ ያሳርፋሉ። ከዚያ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ያቆሟታል። ፈሳሹ ዱቄቱን እያራሰ ሲወጣ ነጥቦቹንም ይዟቸው ይወጣል። በመጨረሻ አዮዲን በሚተንበት ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ሲያስገቧት፣ ነጥቦቹ ቡናማ ሆነው ብቅ ይላሉ።

«እኩል ከወጡ ወንድማማች ናቸው» ይሉናል። «አንዱ ከቀረ ባዳ ነው።»

እኩል ወጡ ብለው ግን ወዲያው የሚያምኑ እንዳይመስላችሁ። «ሁለተኛ ምስክር አምጣ» ይላሉ ለራሳቸው፣ ፈሳሹን ለውጠው እንደገና ሊጀምሩ። «በአንድ ምስክር በሰው አይፈረድም፤ በክኒንም አይፈረድም።»

አንድ ጊዜ የነፍስ አባታቸው የጨጓራ ክኒን ይዘው መጡ። ጋሼ አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት ክኒኑ አረፋ ደፈቀ።

«ጠመኔ ነው፤ አባን ጠመኔ አበሏቸው» አሉ እትዬ የሺ ደረታቸውን ይዘው።

«አዎ፣ የጠመኔ ዘር ነው» አሉ ጋሼ። «ለጨጓራ የሚሰጠውም እሱው ነው። አባ፣ ይዋጡት።»

ውጤታቸው ለማንም አያጎነብስም። የወንድማቸው ልጅ ባል ያስመጣውን የሳል ሽሮፕ «ስኳርና ውኃ ነው» በማለታቸው ዘመድ ሁለት ፋሲካ አኩርፏቸዋል። ሶማሌ ተራ መድኃኒት የሚሸጠው ጠሀም ደጅ ጠንቷቸው ነበር።

«ጋሼ በሞቴ፣ የጠሀ ዕቃ ንጹሕ ነው ብቻ ይበሉልኝ።»

«ያመጣኸውን ክኒን እመረምራለሁ ጠሀ። አንተን መመርመር አልተማርኩም።»

እንግዲህ ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። አንድ ቀን ሶሬሳ የሚባል ተሸካሚ የወባ ክኒን ይዞ መጣ። ጋሼ ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ጠብ አደረጉበት፤ ክኒኑ ከሰል መሰለ። «ስታርች አለበት፣ የድንች ዱቄት ዓይነት ነው» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። «ቆዩ፣ ገና አንድ ምስክር ነው» ሲሉ የሰማቸው የለም። በማግስቱ መስታወቷ ላይ አውጥተው፣ በእርግጥም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ዱቄት መሆኑን አረጋገጡ፤ ያኔ ግን ያጨበጨበው ሁሉ ተበትኗል። ከተበተኑት አንዱ እኔ ነበርኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ ብልቃጥ አዮዲን ገዛሁ።

እህቴ እስከዳር የሚጥል በሽታ ነበረባት። ክኒኗን ከጀመረች አራት ዓመት አልጣላትም፤ ልብስ እየሰፋች ራሷን ችላ ነበር። አንድ ወር ፋርማሲው ሲጨርስ ከጠሀ ገዛሁላት። መጠቅለያው ከወትሮው የተለየ ነበርና ጠረጠርኩ። ጠርጣሪ መሆን እንዴት እንደሚያኮራ አትጠይቁኝ። አንዱ ላይ አዮዲን ጠብ አደረግሁ፤ ጠቆረ።

«ምን ማለት ነው በፍቃዱ?» አለችኝ።

«ዱቄት ሊያበሉሽ ነበር ማለት ነው።»

«እስኪ መጀመሪያ ጋሼን ጠይቅ።»

«እሳቸው የሚያደርጉትን ነው ያደረግሁት» አልኳትና የወሩን ክኒን ቦይ ውስጥ ደፋሁት።

ሌላ ክኒን ፍለጋ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከበርሜሉ ውኃ ስትቀዳ ጣላት። ጭንቅላቷ የሲሚንቶውን ደረጃ መታው። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ጋሼ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና «የተረፈ ክኒን አለ?» አሉኝ በጆሮዬ። አንድ ነበር፤ በመርፌዎቿ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ለእሳቸው ልታሳያቸው ያስቀረችው ይመስለኛል። ይዘነው ወደ እትዬ የሺ ጓሮ ሄድን። መንገድ ላይ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጋሼ ቆም አሉ። «ስታርችማ» አሉ በቀስታ፣ «ደህናውም ክኒን ውስጥ አለ። ዱቄቱን አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። ይህን ለሕዝቡ ሳልናገር አስጨበጨብኩ።»

መስታወቷን ከአዮዲኑ ጠርሙስ ሲያወጧት ሁለቱ ነጥቦች እኩል ወጥተዋል። ፈሳሹን ለውጠው በሌላ መስታወት ደገሙት። እኩል ናቸው። እሳቸውም አዩ፣ እኔም አየሁ። ጋሼ ሁለቱንም መስታወቶች መስኮቱ ላይ ነፋስ እንዲያገኛቸው አኖሯቸው። የአዮዲን ቀለም ነፋስ ሲያገኘው ይበናል፤ ጥቂት ቆይቶ ነጭ ዱቄት ብቻ ቀረ።

ወደ ድንኳኑ ተመለስን። ክኒኑን መድፋቴን ያወቀችው እናቴ ለሁለት ቀን ፊቴን አላየችም ነበር። «አቶ ሀብተ ወልድ፣ ክኒኑ ምን ሆኖ ተገኘ?» አለቻቸው። ለዘመድም ለነጋዴም ያላጎነበሱት ሰውዬ ተነሥተው ቆሙ።

«መድኃኒቱን መንገድ ላይ ሙቀት በልቶት ኖሯል። ሻጩም አላወቀም። ልጁ መጣሉ ደግ አደረገ፤ ብትውጠውም አይረዳትም ነበር።»

እናቴ እጄን ያዘች፤ እስከ ማታ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ጋዋናቸውን ለብሰው አላየናቸውም። ክኒን ይዞ የመጣውን ሁሉ «ዓይኔ ደክሟል፣ ፋርማሲ ሂዱ» እያሉ ይመልሳሉ። ዓይናቸው እንዳልደከመ አውቃለሁ፤ ትናንት እንኳ እትዬ የሺ የሸጡትን ጠርሙስ ስንጥቅ ከማዶ አይተው አስመልሰዋል። በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ማየት ግን ያመኛል። ባለፈው እሑድ ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እኩል ነበር የወጡት። እርስዎም አይተዋል፣ እኔም አይቻለሁ። ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ወንድሟ ነህ» አሉኝ። «የዘመድ ምስክርነት አይያዝም። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በአንድ ምስክር ደግሞ በሰው አይፈረድም።»