የሲስተር ዘይነባ ሂስ

የእንጦጦን ዝናብ ጠባይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እላይ ተራራው ላይ ይዘንብና እታች ሰፈር ያለውን ሰው ያርሳል። የሆስፒታል ቁጣም እንደዚያው ነው። ኃላፊው ሐኪሙን ይቆጣል፣ ሐኪሙ ነርሷን፣ ነርሷ ጽዳቷን፣ ጽዳቷ ደግሞ ምሳ ቋጥራ የመጣችውን አስታማሚ። አስታማሚዋ የምትቆጣው ሰው ስታጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ባሏን እግዜር ያውጣው!

በደርግ ዘመን ከተራራው ግርጌ ባለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍላችን ሐኪም ዶክተር ገብረየስ ነበሩ። እጃቸው የተባረከ ነው። ቢላዋ ሲይዙ ሞት ራሱ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። አፋቸው ግን ሌላ ነው። የአፋቸው ዋነኛ ተጠቂ ደግሞ ሲስተር ዘይነባ ነበረች፤ የሲግናል ሰፈር ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሥራዋን አክባሪ። ለምን እሷን አትበሉኝ። መልስ ስለማትሰጥ ነዋ!

አንድ ጠዋት በሽተኛ እየጎበኘን ሳለ መቀስ ለማቀበል ጥቂት ዘገየች። ዶክተሩ የመሣሪያውን ሳህን ከእጇ ነጥቀው ወለሉ ላይ ወረወሩት።

«እናትሽ ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች አሉ። እዚያው ሄደሽ ብትመዝኚላት ይሻልሻል!»

በሽተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ከነርሶቹ ግን ሁለት ሦስቱ ሳቁ። የሐኪም ቀልድ ባያስቅም ይሳቅለታል። ዘይነባ መሣሪያውን አንድ በአንድ ለቅማ ወጣች። ተከትያት ስሄድ፣ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ እያለቀሰች አንሶላ ታጥፋለች።

«እኔን ይስደቡኝ፤ እናቴ ምን አደረገቻቸው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር። ሰው ይሰበሰብና ሂስና ግለ ሂስ ያደርጋል። በዚያው ሳምንት፣ ካድሬያችን ጓድ ታምሩ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ዶክተሩን ከፊት አስቀመጣቸው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። መጀመሪያ የተነሡት እነዚያው የሳቁት ነርሶች ናቸው። አንዷ «ትምክህተኛ ናቸው» አለች፤ ሌላዋ «ሰፊውን ሕዝብ ይንቃሉ» አለች። ዶክተሩ ላብ በላብ ሆኑ። ዛሬ ለምታነቡት ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን ከእንዲህ ያለ ስብሰባ በኋላ ቤቱ ሳይገባ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በመጨረሻ ጓድ ታምሩ ወደ ዘይነባ ዞረ። «ጓድ ዘይነባ፣ አትፍሪ። ዶክተሩ ስለ አብዮቱ ምን ሲሉ ሰማሽ?»

ዶክተሩን ለማሳሰር አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ስለ አብዮቱ ሲናገሩ አልሰማሁም» አለች ተነሥታ። «የሰማሁት ስለ እናቴ ሲናገሩ ነው። በበርበሬዋ ነው ያስተማረችኝ። በሰው ፊት ሰድበዋታል፤ በሰው ፊት ይቅርታ ይበሉ።»

«ሌላስ?» አለ ካድሬው።

«ሌላ የለኝም ጓድ» ብላ ተቀመጠች።

ዶክተሩ ተነሡ። «እናትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቺንም... እርስዎንም፣ ሲስተር።»

ስብሰባው ተበተነ፤ ዶክተሩም ቤታቸው ገቡ።

እዚህ ላይ አለቀ ብላችሁ ነጠላችሁን እንዳታነሡ። በማግስቱ ኩርፊያው የመጣው ከነርሶቹ ነው። «እኛ ለእሷ ስንሟገት እሷ ጉድ ሠራችን! አስመሳይ!» ብለው ሰላምታ ነሷት። ከባድ ከባዱ ሥራ ለእሷ ሆነ። ሻይ ክፍል ስትገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የዶክተሩ ቁጣ ቢያንስ ድምፅ ነበረው፤ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላው።

ዶክተሩም ይህን ሳያዩ አልቀሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እሷ ወደ ሻይ ክፍል ስንሄድ በራፉ ላይ አስቆሟት።

«ሲስተር፣ እነዚህን ሴቶች ልቆጣልዎት?» አሏት። ከልባቸው ነው። ሌላ መድኃኒት አያውቁማ!

ዘይነባ ፈገግ አለች። «ይተዉት ዶክተር። አንድ ሰው ዝም ለማሰኘት ስንት ደክመናል!»

ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች። ወሬው ቀጥ አለ። ወንበር ስባ መሐላቸው ተቀመጠችና ሻይዋን ቀዳች።

«ስኳሩን ማን ያቀብለኛል?»

ቆይታ ቆይታ፣ ያኔ ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው ነርስ የስኳሩን ጣሳ በጣቷ ገፋ አደረገችላት። ፊቷን አላዞረችም፤ ግን ገፋችላት።