ተራራው የዋጠው ባቡር

ደብቆ የሚኮራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሌላው ሰው ድካሜ ካልታየልኝ ይላል፤ የመካነ ኢየሱስ ከተማው ሞባይል ጠጋኝ ደሳለኝ ግን የደከመበት ነገር እንዳይታይበት ይጨነቃል። ባቡር በማያውቀው አገር፣ ሱቁ ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ የመጫወቻ ባቡር ዘርግቷል። የሐዲዱን ግማሽ ደግሞ ከገለባ ጋር በተቦካ ጭቃ ተራራ ሠርቶ ሸፍኖታል። ጭቃውን ያቦካሁለት እኔ ነኝ። ተራራው ሆድ ውስጥ ሁለተኛ ባቡር ቆሞ ተራውን እንደሚጠብቅም አውቃለሁ።

በገበያ ቀን ሱቁ በሰው ጢም አለ። ቀይ ባቡር ተራራው ውስጥ ገባ፤ በወዲያኛው በኩል አረንጓዴ ባቡር ወጣ። "ወይ ጉድ!" አለ ሕዝቡ። ቄስ ሞገሴ ግን ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተጠጉ።

"ልጄ፣ የቀዩ ተሳፋሪዎችስ?"

"አባ፣ መጫወቻ እኮ ነው፤ ሰው የለበትም።"

"ቢሆንም። ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ መኪና ጭቃ ሲይዘው ሰው ጥሎ የሄደ አለ? እስኪወጣ እንጠብቃለን።"

ማን ንቅንቅ ይበል! ገበሬው ዱላውን ተደግፎ፣ ሴቱ ዘንቢሉን አስቀምጦ፣ ሁሉም የዋሻውን አፍ ያያል። ደሳለኝ በጠረጴዛው ሥር የቀዩን ባቡር ማብሪያ ተጫነ፤ ዝም። ደግሞ ተጫነ፤ ዝም። ላብ አጠመቀው። ምስጢሩ የተቀበረበትን ተራራ በገዛ እጁ ሊያፈርስ ነው?

በመጨረሻ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጫነው፣ ቀዩ ባቡር ብቅ አለ። ያን ጊዜ፣ ጭቃውን ያቦካሁት እኔው፣ ከሁሉም ቀድሜ "እሰይ፣ ወጡ!" ብዬ ጮኽሁ።