የቀይዋ መኪና ፉጨት የጠፋበት ዜና

በዘመነ አምፕሊፋየር፣ ይኸውም የድምፅ ማጉያው ከፊት ወንበር ሥር ገብቶ በነገሠ በሁለተኛው ወር፣ በዕለተ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሥዩመ መቀስ ወምላጭ የሆኑት ፀጉር አስተካካዩ የቀይዋ መኪናቸውን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ ነበር። አባታቸውም፣ አበ ብሩሽ የተባሉት ጡረተኛው ቀለም ቀቢ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሬዲዮውን ትረካ ይጠባበቁ ነበር፤ አባትና ልጅ እሑድ እሑድ ከተማውን እየዞሩ ትረካ መስማት ልማዳቸው ነውና፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ እምብዛም የሚነጋገሩት ነገር አልነበራቸውምና።

ወእምዝ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ከስፒከሮቹ ሁሉ እንደ ትንኝ ሠራዊት ያለ ፉጨት ተነሣ፤ ነዳጅ ሲረግጡ ወደ ላይ ወጣ፣ ሲለቁ ወረደ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተራኪው የገዳዩን ስም ሊናገር አፉን ቢከፍት፣ መኪናዋ ጉልበት ፈልጋ ነበርና ስሙ በፉጨት ተውጦ ቀረ። አበ ብሩሽም፣ አንድ ጆሯቸው ከከዳቸው የቆየ፣ በቀረው አንዱ የሚሳሱ፣ ቤት ደርሰው ከመኪና ሲወርዱ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«እስከ መጪው እሑድ ይሄ ነገር ካልጠፋ፣ እኔ ከታናሽህ ጋር ነው የምዞረው። የሱ መኪና ቢያንስ አታፏጭም።»

ይህ አዋጅ በፀጉር አስተካካዩ ልብ ላይ ወደቀ፤ ለማንም ባይናገሩትም እጃቸው ተናገረ፤ በዚያ ሳምንት ከሰፈሩ ወንድ ግማሹ የግራና የቀኝ ጆሮ ግንዱ ፀጉር ሳይመጣጠን ወጥቷልና።

በዕለተ ቅዳሜ ዘመቻ ሆነ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ የሚስታቸው ወንድም፣ የእጅ ባትሪ ያዥ፣ ባትሪውን ወደሚያወራበት አቅጣጫ ሁሉ የሚያበራ፤ ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሾፌር፣ ክሪክ ሊመልሱ መጥተው ክሪኩ ላይ የተቀመጡ፤ አንዲት ድመትም ነበረች፣ ከሁሉም ያነሰ ያወራች እርሷ ናት። በመጀመሪያው ውጊያ የፉጨት ማጥሪያ የተባለ ትንሽ ሣጥን ተገዝቶ ተሰካ፤ ፉጨቱም ሣጥኑን ከቁም ነገር ሳይቆጥር አለፈው። በሁለተኛው ውጊያ ምንጣፉ ቢገለጥ የባትሪው ገመድና የድምፁ ገመድ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ተገኙ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሲዘረጓቸው ዝርክርክ ነገር አይወዱምና አሳምረው ጎንጉነዋቸው ነበር። ጉንጉኑ ተፈታ፣ አንዱ ገመድ በግራ፣ ሌላው በቀኝ እንዲሄድ ተደረገ፣ ፉጨቱም ግማሽ ግዛቱን ለቀቀ፤ ግማሹን ግን አልለቅም አለ። በዚህ መካከል እመቤቲቱ፣ የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት፣ በመስኮት ብቅ ብለው ከመኪናዋ ተነቅለው የገቡት ወንበርና ምንጣፍ ከሳሎን ቶሎ እንዲወጡ አዋጅ አስነገሩ።

በሦስተኛው ውጊያ አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን በስልክ ተጠየቀ፣ እርሱም ምሳውን እያላመጠ ፈረደ፦

«ከአምፕሊፋየሩ ወደ መኪናዋ ብረት የሚሄደው ጥቁር ገመድ ቀለም ላይ ነው የታሰረው። ራቁቱን ብረት ይፈልጋል። ፋቁትና እሰሩት፣ አለቀ።»

ወበይእቲ ሰዓት ሠራዊቱ ዝም አለ፤ የሚስታቸው ወንድም እንኳ ዝም አለ። ያቺን መኪና አበ ብሩሽ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ በፊት፣ በመጨረሻ ሥራቸው፣ ውስጥ ውጭዋን ቀብተው ለልጃቸው ሲሰጡ «ቀለሟን የጫረ እኔን ጫረ» የሚል ሕግ ደንግገው ነበር። ልጃቸውም ሕጉን እጅግ ከማክበራቸው የተነሣ፣ ጥቁሩን ገመድ ሲያስሩ ቀለሙ እንዳይጎዳ ከሥሩ ጎሚኒ የተባለ የጎማ ቁራጭ አንጥፈውለት ነበር። አሁን ቢፍቁ ሕግ አፍራሽ ሊሆኑ፣ ባይፍቁ የነገው እሑድ ወደ ታናሽየው ሊሻገር ሆነ። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዘው እንደ ተንበረከኩ ቀሩ።

ያን ጊዜ አበ ብሩሽ የዝምታው ነገር አሳስቧቸው ከቤት ወጡ፤ ጎንበስ ብለው ጎሚኒውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደ ገና ጎሚኒውን አዩ። የመጨረሻውንም አዋጅ አስነገሩ፦

«እኔ ሰው የሚያየውን ነው ያልኩት፣ አንተ ሞኝ። ወንበር ሥር ማን ያያል? በል አምጣ ወረቀቱን፣ አንተ ታበላሸዋለህ።»

ወረቀቱንም ነጥቀው ተንበረከኩ። ከብሩሽ የለያቸው የእጃቸው መንቀጥቀጥ ለመፋቅ ሲሆን የተመረጠ ሆነ፤ ቀዩ ለቀቀ፣ ከሥሩ ያለው ግራጫ ለቀቀ፣ ብረቱም የጥፍር ያህል አበራ። ጥቁሩ ገመድ ታሰረ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ ወንበሩም ከሳሎን ተመልሶ በቦታው ገባ። ሞተሩ ተነሣ፣ ፀጉር አስተካካዩም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጡ፤ ከስፒከሮቹም የሲሚንቶ ዋጋ የምታነብ ሴት ገጽ ስትገልጥ ተሰማ፣ ሌላ ምንም አልተሰማም። አበ ብሩሽ በደህናው ጆሯቸው ዋጋውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ሲወርዱም ትረካው እንዳያመልጣቸው ነገ በሰዓቱ ሞተር እንዲነሣ አዘዙ።

እነሆ ፉጨትን ያለ ደም የገደሉ፣ የገመድ ሹሩባን በገዛ እጃቸው የፈቱ፣ ሕግ ሳያፈርሱ ቀለም ያስፋቁ፣ እሑዳቸውን ከታናሽ ወንድማቸው መንጋጋ ያስጣሉ ኃያል እኒህ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ክብራቸው ከዳገት እስከ ቁልቁለት ይሰማ። እርሳቸውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎሚኒውን አንሥተው በጨርቅ ጠረጉት፣ ከክሪኩ ጋርም በዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑን ዘጉ።