የጎንዮሽ ጥቅም

ኦቦ ቱሉ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ እኔ ደጅ ቆሜ በመስኮት አያለሁ፤ «ቀስ ይበሉ!» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዋጥኩት።

ምነው ትሉ ይሆናል፤ ሰው ከወንበር ቢነሳ ምን አለበት? የፕሮስቴት ኪኒን ካልዋጠ ምንም የለበትም። ፕሮስቴት ያበጠበት ሰው ሽንቱ እንደ ቀበሌ ጉዳይ ነው፤ ደጅ አስጠንቶ አስጠንቶ ጠብ ይላል። ኪኒኑ ይህን ያቃናል። ግን መድኃኒት እንደ ዘመድ ነው፤ ጠቅሞ ዝም አይልም። የቡራዩዋ ፋርማሲስት እኔው ፊት ነግራቸዋለች፦ «አባባ፣ ሲነሱ ቀስ ይበሉ፤ ያዞራል። ደግሞ... የመኝታውንም ነገር ሊነካካ ይችላል።»

«እሱ ይቅር፣ ዘጠኝ ወልጃለሁ!» ብለው ሲስቁ የማዞሩን ነገር እዚያው ባንኮኒው ላይ ረሱት።

ጎረቤቴ ናቸው። ሰበታ ወርደው ጫልቱን ሊለምኑልኝ በባጃጄ ጫንኳቸው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነው፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የሚጨስ ጎማ። ሌሎቹን ሁለት ሽማግሌዎች መንገዱ አስቀራቸው፤ እኛ በጭቃው ውስጥ ለውስጥ ደረስን። የሚለመንለት ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ሹፌር ግን ደጅ ቢቆም ማን ይከለክለዋል? ሹፌር ደግሞ አይጮህም።

የጫልቱ አባት ኦቦ ደበላ ጎረቤት በተሰበሰበበት ፍርጥም አሉ፦ «ሰው ልጁ ታስሮበት፣ መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ እየተጨነቀ፣ እኔ የሰርግ ወሬ አላወራም። አይሆንም!»

አለቀልኝ። ኦቦ ቱሉ «እንግዲያው ቆሜ እለምናለሁ!» ብለው እንደ ጎረምሳ የተፈናጠሩት ይሄኔ ነው።

ዞረባቸው። ጉልበታቸው ታጠፈ። ኦቦ ደበላ እግር ስር ዱብ!

«ያ ዋቅ!» አለች አንዲት ጎረቤት። ሽበታም ሽማግሌ ተንበርክኮ! እንዲህ ተለምኖ እምቢ የሚል ሰው እዚህ አገር አልተወለደም። ኦቦ ቱሉም ሞኝ አይደሉም፤ ከወረዱ አይቀር ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ኧረ ይነሱ፣ ይነሱ!» አሉ ኦቦ ደበላ፣ ብብታቸውን ይዘው እያነሱ። «አገር ሲረጋጋ ትወስዷታላችሁ!»

የኪኒኑ ወረቀት «የጎንዮሽ ጉዳት» ይላል። እኔን ግራ ጎኔን ሰጠኝ፤ ጉዳቱ የቱ ጋ ነው?

ባጃጁን ላስነሳ ስል ኦቦ ደበላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። ሙሽራው እኔ መሆኔን ማን እንደነገራቸው እንጃ።

«ስማ፣ ሹፌሩ! ያንን ኪኒን እኔም እውጠዋለሁ፤ ምን እንዳንበረከካቸው አላጣሁትም። ሰው ፊት አይሆንም ብዬ መውረጃው ጠፍቶኝ ስለነበር ነው እንዳላወቀ የሆንኩ። በል ቀስ እያልክ ንዳ፤ አወራረዱንስ ችለውበታል፣ አነሳሱን አስተምራቸው።»